ለካ

ባጃጁ ቱላ ላይ ጥሎኝ ተመለሰ፣
ሸሚዜ ከጀርባው በላብ እንደራሰ።
በብብቴ ዶሴ፣ በኪሴ የሙቀት መለኪያ፣
ቅጽ ቁጥር ሰባት፣ የብቃት ማስያ፦
ዩሪያ ሳይነሰንስ፣ መርዝ ሳይረጭ ለሚያርስ
ምስክር ወረቀት፣ ከነማኅተሙ እንዲደርስ።

ወይዘሮ ዱካሌ ከእንሰቱ ሥር ወጡ፤
እጃቸው ጭቃ ነው፣ ክርናቸውን ሰጡ።

«ጥያቄ አንድ» አልሁ፣ «የብስባሹ ግለት
በዲግሪ ስንት ነው? ከዚህ ላይ ይጻፉት።»
አልጻፉም።
ከክምሩ መሀል ዱላውን መዘዙ፣
ጫፉን በመዳፋቸው ለአፍታ ያህል ያዙ፣
እንደ ልጅ ግንባር።
«ሌሊት ሲያተኩሰው አድሮ ጧት የበረደ
ሕፃን ታውቅ የለም? ላቡ በጀርባው የወረደ?
እንደዚያ ነው።
ነገ ይገለበጣል።»
መለኪያዬን ሰካሁ፤ አርባ ስድስት አለ፤
ከቅጹ ላይ ግና «ሕፃን» የሚል ሳጥን ከወዴት ተሣለ?
እኔ አፈርን ያየሁት በፕሮጀክተር ነበር፣
ግድግዳ ላይ በርቶ፣ ሽታ የሌለው አፈር።

«ሁለት፤ ግብዓቱን ከየት ነው የሚያመጡት?»
«ከአሞራ ገደል ነው፤ ዓሣ የሚገፍፉት
ልጆች አንጀቱንም አጥንቱንም ሲጥሉ፣
ከአባ ኮዳ ጋራ እሻማለሁ ሁሉ!
ቅዳሜ ቅዳሜ፣
እሱ በረጅም እግሩ፣ እኔ በዚህ ዕድሜ።»
የሚሸከሙበት ጆንያ ተንጠልጥሏል ከቤቱ፣
አየሁት፤ በትልቁ «ዩሪያ» ይላል ፊቱ።
ደንቡ «ነጥብ ቀንስ» ይላል።
አላየሁም አልሁ።

«ሦስት፤ ያሠለጠነዎ ተቋም ማን ይባላል?»
ዝም አሉ። አጥሩን አዩት፣ ሰው የቆመ ይመስል።
«ጣውንቴ ዳንጉሬ።
ሃያ ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም፤
በአጥሩ ቀዳዳ ግን ሳላያት አልዋልሁም።
የእሷ ጎመን ሲወፍር፣ የእኔ ሲመነምን፣
በቅናት ዓይን ለቀምሁ የእጇን አመል ሁሉን።
አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ከአጥር ማዶ ሆና፣
‹አመዱን ቀንሺው፤ ሥሩ ለጋ ነው ገና›
ያለችኝ። በቃ።
ሐምሌ ላይ ስትቀበር፣ አፈሩን በእጄ አሸሁ፤
መልካም አፈር ነበር።
ያን ጊዜ አለቀስሁ።
እንግዲህ ስሟን ጻፍ፤ ከእኔ ስም በላይ።»
ገለባበጥሁ ቅጹን፤ ለሙት የሚሆን ረድፍ ከታችም ከላይ
የለም።
አራትን ዘለልሁት፤ ስለ ክሽክሽ ተባይ፤
ትመልስ ነበረች ነጠብጣብ ጢንዚዛ፣ ጎመን ቅጠል ላይ።

«ወረቀቱስ» አሉኝ፣ «ጎመን ዋጋ ያወጣል?»
«ሐይቅ ዳር ያሉቱ ሆቴሎች በደህና ይገዛሉ ይባላል።»
«ይባላል?» አሉና ሳቁ፤
በሳቃቸው መሀል ዶሮዎቹ ሸሹ።

ፊርማው ቦታ ደረስን። አውራ ጣት ቀለም ነካ፣
ወረቀት ላይ ዐረፈ፤
መስመር የለው ለካ!
እንሰት የፋቀ ጣት፣ አፈር የሞረደው፣
አሻራውን ሁሉ ማሳው ነው የወሰደው።
ከመሀሉ ብቻ አንድ ስንጥቅ ይታያል፣
ከቱላ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ቦይ ይመስላል።

አለቃዬ መለሰው፤ «አሻራው አይነበብ፣
ቅጹም ቆሽሿል» አለ፣ «በንጹሕ ይቅረብ።»
አሸተትሁት። የዓሣም፣ የዝናብም ነበር።
መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ አልጣልሁትም፣ ይኑር።

አዲስ ቅጽ አወጣሁ፣ ስማቸውን ጻፍሁኝ፤
«ተቋም» የሚለው ላይ እጄ ቆመብኝ።
ለካ እኔም፣ በአንድ ጧት፣
በማላውቃት ሴት እጅ ተለክቼ ኖሯል።
«ዳንጉሬ» አልሁ በቀለም፤ አድራሻ፦ «አጥር ማዶ»።
አለቃዬ ሳያነብ ማኅተሙን መታበት፣
ለምሳ ሊወጣ ማልዶ።